ክትባቱን አብዝተው ላቀዘቀዙልን ከንቲባ

«ለካርመን እመቤታችን በዓል የሚመጡ እንግዶች ቀዝቃዛ መጠጥ እንዳያጡ፣ የጤና ጣቢያው ፍሪጅ ከጁላይ 14 እስከ 17 ለበዓሉ ኮሚቴ አገልግሎት ይሰጣል። ክትባቶቹም ለበለጠ ጥንቃቄ ወደ ፍሪዘሩ ተዛውረዋል።»

ለተከበሩ ዶን ኤቬራልዶ ፔርቱስ፣
የፑዌርቶ ሳንታ ኢኔስ ከንቲባ

ክቡርነትዎ በዓሉን በሰላም አሳልፈው፣ ድካሙም ለቆዎት፣ በሙሉ ጤንነት ላይ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ከላይ ቃል በቃል የገለበጥኩት ማስታወቂያ በፊርማዎና በማኅተምዎ በጤና ጣቢያው በር ላይ ተለጥፎ የነበረ ነው። በዚህች የወንዝ ዳር ከተማ ለሃያ ስድስት ዓመታት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው በመሆኔ፣ «ለበለጠ ጥንቃቄ» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ሳነብ ቆይቻለሁ።

1. አስቀድሜ አመሰግናለሁ። ቢራው በእውነት ቀዝቃዛ ነበር፤ እኔም ሁለት ጠጥቻለሁ።

2. ነርሳችን ሴኞ ኒዲያ የላይኞቹን መንደሮች ልጆች ከትባ በጀልባ ስትመለስ ክትባቱ ድንጋይ ሆኖ ብታገኘው ይጣል አለች። እርስዎም ወደቡ ላይ በሰው ፊት «አንቺ ደግሞ! ዓሣ እንኳ ፍሪዘር ገብቶ አይበላሽም፣ መድኃኒት ይበላሻል? ቀልጦ ይሰጥ!» ብለው አሳቁን። እሷ ግን «ዶን ኤቬራልዶ፣ ዓሣውን እኮ ሕፃን ላይ አልወጋውም» አለችዎ። አልፈርድብዎትም፤ በዚህ ሐሩር ያደግን ሰዎች ከሙቀት ሌላ የሚያበላሽ ነገር ያለ አይመስለንም።

3. ክትባት የሚሠራው እርስዎ በምርጫው ሰሞን እንደሠሩት ነው። ፎቶግራፍዎ በየግድግዳው ስለተለጠፈ፣ ዛሬ በጨለማ ቢመጡ እንኳ የማያውቅዎ የለም። ክትባቱም የበሽታውን መልክ ጉዳት በማያደርስ መንገድ ለሰውነት አስቀድሞ ያሳየዋል፤ እውነተኛው በሽታ ሲመጣ ሰውነት ማንነቱን ለመጠየቅ ጊዜ አያጠፋም። በረዶ የመታው ክትባት ግን ዝናብ የመታው ፖስተር ነው፤ ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው፣ ፊቱ ግን የለም።

4. አላምንም ካሉ፣ ሴኞ ኒዲያ በትከሻዋ በምታንጠለጥለው የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን ይዛው የሄደችው አንድ ብልቃጥ ሳይረጋ ተርፏል። ከቀለጠው ጋር አብራ ነቅንቃ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጣቸው አብሬ አይቻለሁ። የሷ፣ ደኅና ክትባት እንደሚሆነው፣ ብዙ ደቂቃ እንደደፈረሰ ቆየ። የእርስዎ ግን በጓሯችን ማሰሮ እንደምናጠልለው የወንዝ ውሃ ወዲያው ጠለለ፤ ዝቃጩም ከሥር ተኛ።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ሰኞ ጁላይ 27 ሠላሳ አንድ ሕፃናት በዚሁ ክትባት እንዲከተቡ ስላዘዙ ነው። በዝርዝሩ ላይ አሥራ አራተኛዋ የሁለት ወር ሕፃን የሆነችው የልጅ ልጄ ዬይሚስ ናት። ክትባቱ የሚከላከለው ትክትክ ከእኛ በላይ ባለው በኤል ቶቱሞ መንደር ገብቷል፤ በዚያ ዕድሜ ያለ ሕፃን ትክትክ ሲይዘው ከማሳል ይልቅ ትንፋሹ ይቋረጣል። ያልተከተበ ልጅ ያላት እናት ቢያንስ ትጠነቀቃለች። በውሃ የተከተበ ልጅ ያላት ግን ልጇ ተጠብቋል ብላ ተረጋግታ ትተኛለች።

ስለዚህ የረጋው ክትባት እንዲጣል፣ ጀልባ በአንድ ቀን ደርሶ ሊያመጣው የሚችል አዲስ ክትባት እንዲታዘዝ፣ ፍሪጁም ወደ ሥራው እንዲመለስ ማዘዝዎን እስከ ዓርብ ጁላይ 24 እኩለ ቀን ድረስ በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። መልሱን በዚያው በጤና ጣቢያው በር ላይ ቢለጥፉት ይበቃኛል፤ ካልተለጠፈ ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ይህን ደብዳቤ ለሠላሳ አንዱም እናቶች አነብላቸዋለሁ።

ለከተማዋ እንግዶች ጥም ያለዎት አሳቢነት ለሕፃናቶቿም እንዲተርፍ ከልብ የምመኝ፣ የዘወትር አክባሪዎ፣

ኡባልዶ ናርቫኤስ ካንቲዮ
የኬሚስትሪ መምህር

ማሳሰቢያ፦ የኮሚቴው ልጆች ቢራውን ፍሪዘር ውስጥ ሊያስገቡ ሲሉ «ተው! ከረጋ ጠርሙሱ ይፈነዳል፣ ጣዕሙም ይጠፋል፤ እሱን ፍሪጅ ውስጥ አድርጉት!» ብለው የጮኹት እርስዎ መሆንዎን ሦስት ሰዎች ነግረውኛል። በረዶ ምን እንደሚያበላሽ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው በመሆንዎ፣ መልሱ ብዙ ጥናት የሚፈልግ አይመስለኝም።