ስሟን በመስታወት ውስጥ ለቆለፉልን

ለተከበሩ የፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? እንቅልፍዎስ? ከእኛ ሰፈር እንቅልፍ ከራቀ ሰንብቷልና የእርስዎ እንዳይጓደል ከልብ እመኛለሁ።

በዚህ የጋዜጣ አምድ ስለ ሰርግና ስለ አማት ስናወጋ የኖርን ሰዎች ክቡርነትዎን ለማስቸገር የደፈርነው በጎረቤቴ ምክንያት ነው። ወላጆች ሥራ ሲሄዱ ልጆቻቸውን በግቢዋ የምታውል፣ ሕፃናቱ «እቴቴ» የሚሏት ሴት ናት። ማንነቱን የሸሸገ ሰው ልጆቹን በመድኃኒት ታስተኛለች የሚል ነጭ ውሸት በኢንተርኔት ለጠፈባት። እሷም ጽሑፉ እንዲነሳላት፣ እስከዚያውም እግድ እንዲወጣላት አቤት ልትል ወደ እርስዎ መጣች። ስለ መስተንግዶዎ ምስጋናዬ እነሆ፦

አንደኛ፤ ተከሳሹ ስላልታወቀ መጥሪያው በማስታወቂያ ይውጣ ማለትዎ ሥርዓት ነውና አልከፋንም። ውሸቱን አንድ ፊደል ሳያጎድሉ፣ በደማቅ ጽሕፈት፣ በዋናው በር የመስታወት ሰሌዳ ውስጥ መለጠፍዎ ግን ልዩ ውለታ ነው። ስልክ መነካካት የማይወዱት ጡረተኛው አጎቴ እንኳ መነጽራቸውን ወልውለው አነበቡትና «ማኅተም ካረፈበትማ ምን ቀረው?» እያሉ ለሰፈሩ አዳረሱልን።

ሁለተኛ፤ ያ ሰው የጻፈው ስሟን ብቻ ነበር። የቤት ቁጥሯን የጨመሩበት እርስዎ ነዎት። ከዚያ ወዲህ የማናውቃቸው ሰዎች ከአጥሯ ማዶ ቆመው ግቢዋን ያያሉ። አይሳደቡም፣ አይጠይቁም፤ ያያሉ ብቻ። ስለ ጨዋነታቸው እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፤ ማስታወቂያው ይነሳልኝ ብትል «አዲስ አቤቱታ ያቅርቡ፤ እሱም እንደ ሥርዓቱ ይለጠፋል» ብለው በትሕትና መለሱላት። እኔ ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷ አልሳቀችም። የግቢዋ ዥዋዥዌ ባዶውን ተንጠልጥሏል። ከልጆቹ ሁሉ የቀረቻት የገዛ የልጅ ልጇ ናት፤ እሷንም ደጅ አታስወጣትም።

ቀጠሮው እስኪደርስ ወረቀቱን ቢያወርዱልን፣ ይህ ካስቸገረም የቤት ቁጥሯን ብቻ ቢሸፍኑልን ምን ይሉናል?

ከደጅዎ መቆምን የለመድኩ፣ ማኅተምዎን ከሩቅ የምፈራ፣ ለጤናዎ ዘወትር የምሳሳ

የእቴቴ ጎረቤት

ሳልረሳው፦ ትናንት ማስታወቂያውን ደግሜ ላየው ሄጄ ነበር። የቤት ቁጥሯ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል። በጣቴ ላጠፋው ብሞክር መስታወቱ አገደኝ፤ ተቆልፏል። የጥበቃው ሰውዬ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ቁልፉ አንድ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ከእርስዎ መሳቢያ ወጥቶ እንደማያውቅ ነገሩኝ።