ባለ ትልቅ ፊደሉ መጽሐፍ ቅዱስ

ይድረስ ለውድ እህቴ ለእትዬ፣ ከሩቅ ሆነሽ በጸሎትሽ ለምትደግፊኝ። እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ለሰው ዓይን ደህና ነን።

ልጄ ሞተር ብስክሌቱን መንዳት ትቷል፤ በሸራ ሸፍኖ ጓሮ አቁሞታል። እናቱ «ልብ ገዛ» እያለች ደስ ብሏታል። እኔ በዚያ በኩል አላልፍም።

ሥራዬም ያው ነው፤ ችሎት ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስ እየዘረጋሁ ምስክር አስምላለሁ። ባለፈው ሰኞ ግን የልጄ ጉዳይ ቀርቦ ምስክሩ ራሴ ሆንኩና ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ለካ መጽሐፉን አንስቼ እንደ ልማዴ ለሌላ ሰው ዘርግቼዋለሁ! ዳኛው እንኳ ፈገግ ብለው «ዛሬ የምትምለው አንተ ነህ» አሉኝ። ማልኩ። አደጋው በደረሰበት ምሽት ልጄ ከቤት አልወጣም አልኩ። ስንት ዓመት ያውቁኝ የለ፣ አመኑኝ። ልጁም በነፃ ተሰናበተ።

ስወጣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በር ላይ በክራንች ተደግፋ ቆማለች። ከተገጨች ወዲህ የስፌት መኪናዋን መርገጥ አልቻለችም። «ጋሼ፣ አንተ ካልክ እሱ አይደለም ማለት ነው፤ በከንቱ ጠርጥሬው ነው፣ ይቅር በሉኝ። የገጨኝን እግዚአብሔር ይፍረድበት» አለችኝ። አሜን ልል ብዬ ድምፄ እምቢ አለኝ። ጉንፋን ሳይዘኝ አልቀረም።

በጸሎትሽ ስታስቢን ከሁላችን በፊት የእሷን እግር አስቢልኝ።

ያዘዝሽኝን ባለ ትልቅ ፊደል መጽሐፍ ቅዱስ ገዝቼልሻለሁ። እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ ብዬ ነበር፤ ግን ሚስቴ ታምጣልሽ። ከእኔ እጅ ባትቀበይው ይሻላል።

ሰላምሽ ይብዛልኝ፣
ወንድምሽ