ፖስተሩን ጡት ላስጣሉት ኃላፊ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱልን? ቤተሰብዎስ? ደረትዎስ?

በመቀጠል ከባድ መርዶ ላረዳዎ ነው። በዋናው በር ግድግዳ ላይ፣ ስለ ካንሰር በሚያስተምረው ፖስተር ይኖር የነበረው «ጡት» የተባለው ቃል ባደረበት የይሉኝታ ሕመም ምክንያት በሞት ተለይቶናል። በምትኩ «ደረት» ተሹሟል።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ከትምህርት ጋር ስለተኳረፍኩ ቅሬታዬን ካልቆጠርኩት ይጠፋብኛል።

፩ኛ. ቃሉን ያስፋቁት «በልጆች ፊት ነውር ነው» ብለው እንደሆነ ሰምቻለሁ። ለጨዋነትዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። እኛ ጡት ጠብተን ያደግን ባለጌዎች፣ እርስዎ ደረት ጠብተው ማደግዎን ባለማወቃችን ይቅርታ።

፪ኛ. ያሳደገችኝ አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጡቷ ውስጥ ጠጠር ያለ ነገር ዳሰሰች፤ ስላላመማት ዝም ልትል ነበር፤ «ፖስተሩ እብጠት ያገኘች ሳትዘገይ ትምጣ ይላል» ብዬ የገፋፋኋት እኔ ነኝ። «ጡት» ማለት ስላፈረች በፖስተርዎ ቃል ደረቴን ልመርመር አለች። መዝገብ ያዡም ከሚያስላቸው ጋር አሰለፋት። ግማሽ ቀን ሲሳልባት ውላ ራጅ ተነሣች፤ ባለሙያውም ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ደረትዎ ንጹሕ ነው እትዬ፤ በሰላም ይግቡ» አላት። የሳል ሽሮፕም ተመረቀላት። ሳል የለባትም፤ ግን ሰው አክባሪ ስለሆነች ጠጥታ ጨረሰችው። የጡት መመርመሪያው ክፍል ከዚያ ሰልፍ ሁለት በር አልፎ ነበር።

፫ኛ. አራት ወር ተደስተን ከረምን። እብጠቱ ግን የራጁን ውጤት ስላላነበበ አደገ። ስንመለስ አንዲት ነርስ (እሷስ ከልቤ ትመስገን) በእጇ ዳስሳ ሁለቱን በር አሳልፋ ወሰደቻት። ምርመራው ካንሰር ነው አለ። ቀዶ ሕክምናው በሚመጣው ማክሰኞ እዚሁ ግቢዎ ነው።

፬ኛ. ያን ዕለት «ደረት»ን በከሰል ሰርዤ «ጡት» ብዬ ጻፍኩ። እርስዎም «በብልግናና ግድግዳ በማበላሸት» ብለው ማኅተም ባለው ደብዳቤ ከግቢው አገዱኝ። የእጅ ጽሑፌ እንደማያምር አምናለሁ፤ ፊደል ግን አልገደፍኩም። ማክሰኞ አክስቴ ደግፎ የሚያስገባት ከእኔ ሌላ ሰው የላትም። ስለዚህ ቃሉንም እኔንም እንዲመልሱን በትሕትና እጠይቃለሁ።

ደረትዎን እንደነፉ ዕድሜ ይስጥልን እያልኩ፣ ጡት ነካሽ እንዳልባል እየሠጋሁ፣ በአጥርዎ ሥር ቆሜ እጅ የምነሣ፣

የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ ክቡር ሆይ፣ እውነት ለመናገር ጉዳዩ ይህን ያህል የሚያስጮህ አልነበረም፤ በጣም ትንሽ ነበር። አክስቴ መጀመሪያ እርስዎ ዘንድ ስትመጣ የሽምብራ ፍሬ ነበር የሚያክለው።