የሊዲያ አማት ኒሻን

ሰኞ

ቆይ፣ ናይት ማለት ናይት ሺፍት አይደለም እንዴ? ተዋረድኩ! ጓደኛዬ ፀሐይ ኮል አድርጋ፣ «ልጄ ሊዲያ ቀለበት አሰረች፤ ልጁ ስዊድናዊ ነው፣ አባትየው ደግሞ ናይት ናቸው» አለችኝ። እኔና እሷ ግሮቭ ሲቲ ዌርሃውስ ናይት ስንሠራ ያረጀን ሰዎች ነን፤ ሌላ ምን ይመጣልኛል? «ውይ፣ በዚያ ዕድሜያቸው! ምነው ወደ ቀን ቢያዛውሯቸው?» አልኳት። ሳቋ ከሷ ሰፈር ከሊንደን እኔ ሰፈር ሂልቶፕ ድረስ ያለ ስልክ ይሰማል። ልጄ ሜሮንም ከጎኔ ሆና፣ «ማም! በኬ የሚጻፈው ናይት! ኪንግ የሚሾመው!» ብላ ሶፋው ላይ ተንከባለለች።

ለካ ንጉሥ ኒሻን ሸልሞ የክብር ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። ንጉሥ! እንኳን ደስ ያለሽ አልኩ፤ ያለው ግን አፌ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ፎቶ ላከች። ሽማግሌው ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ባንገታቸው ባለ ዘውድ ቀይ መስቀል አንጠልጥለዋል። ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሁሉ ፎርዋርድ አድርጋዋለች። አንዷማ «ባለ መስቀል አማች!» ብላ ስልኳን ተሳለመች።

የኔዋ ሜሮን ሠላሳን አልፋለች፤ ባል ሲባል ክፍሏን ትዘጋለች። የሊዲያን ዳይፐር የቀየርኩት እኮ እኔ ነኝ! ቅናት እንዲህ ያቃጥላል? ቃር መስሎኝ መድኃኒት ዋጥኩ። አልተወኝም።

ረቡዕ

ኢንተርኔት ላይ አየሁት። ያ ኒሻን የሚሰጠው ፍሪሜሶን ለሚባለው የምሥጢር ማኅበር አባላት ብቻ ነው! እኛ ዘንድ ስሙ ሲነሳ ሰው ያማትባል፤ ከሰይጣን ጋር የተፈራረሙ ናቸው ይባላል። ዝቅ ስል ደግሞ፣ የስዊድኖቹ ፍሪሜሶኖች ክርስቲያን ያልሆነ እንኳ አያስገቡም ይላል። ይቺን አነበብኳት። ዋጥኳት።

ብሬክ ላይ አብረውን ለሚሠሩትና ለሚያስቀድሱት ለእትዬ ብርቄ ብቻ ነገርኳቸው። «እርስዎ ጋ ይቅር» አልኩ። እሳቸው ጋ ቀርቶ የሚያውቅ ነገር የለም፣ አሳምሬ አውቃለሁ። የሌሊት ምሳዬ ጣፈጠኝ።

ሐሙስ

ተዳርሷል! ፎቶውን የተሳለመችው ስልኳን በጸበል ጠርጋለች አሉ። ስቄ ሞትኩ።

ማታ ፀሐይ እያለቀሰች መጣች። ሊዲያ፣ «ማም፣ ሰዎችሽ የእጮኛዬን አባት ሰይጣን ካሉ ሲቲ ሆል ሄደን እንፈራረማለን፤ አንቺም እንዳትመጪ» ብላታለች። ፀሐይ ደግሞ ከሊዲያ ሌላ ማንም የላትም። «ማነው እንዲህ የሚጠላኝ? ሰው የሚያምንሽ አንቺ ነሽ፣ እባክሽ አጣሪልኝ» አለችኝ። አቅፌ አባበልኳት። እኔው! ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ዓርብ

ዛሬ አልገባም ብዬ ሥራ ኮል ኦፍ አደረግኩ። መጀመሪያ እትዬ ብርቄ ጋ ደወልኩ፤ «ክርስቲያን ካልሆነ አያስገቡም ይላል፣ ቆርጬ ነው የነገርኩዎት።» «አሁንማ ማን ይሰማኛል ልጄ» አሉ።

ከዚያ ፀሐይ ጋ። «እኔ ነኝ ያወራሁት። ቀንቼ ነው።»

«በኔ? ባልሽም ልጅሽም ቤት ያሉልሽ፣ አንቺ በኔ?» አለች። «ለሊዲያ ራስሽ ንገሪያት» ብላ ዘጋችው።

ለሊዲያም ነገርኳት። በእንግሊዝኛ አጠበችኝ፤ ግማሹ አልገባኝም፣ የገባኝ ይበቃል። መጨረሻ ላይ፣ «ነገ ማኅበር ላይ፣ ሁሉም ባሉበት፣ በራስሽ አፍ ተናገሪ። ከዚያ ማም ሰርጋችን ላይ ትምጣ አትምጣ እናስባለን» አለች።

እሺ አልኩ። ሴቶቹ ፊት ምን ብዬ እንደምጀምር እንጃ። ይሳቁብኝ፣ ይጠቋቆሙብኝ። ግን «እናስባለን» ነው ያለችው፤ «አይሆንም» አላለችም።