ጭልፋው ወይስ ቧንቧው

ይድረስ ለውድ አማቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ የሚይዝዎ ቁርጥማት ለቀቀዎት? መነጽርዎን አሠሩት ወይስ ይህንንም የሚያነቡት በክር አስረውት ነው? እኛም ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት። ልጅዎ ደህና ነው። እኔ ግን ፈርቻለሁ፣ እማዬ፤ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

አርግዣለሁ። ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ። ከእርስዎ በፊት የነገርኩት ሰው የለም፤ ልጅዎም አያውቅም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጽንሶች እንዴት እንዳመለጡን እርስዎ ያውቃሉ፤ በሁለተኛው ጊዜ መጥተው ሁለት ሳምንት አስታመውኛል። እርስዎ ከሄዱ በኋላ፣ እሱ በእጁ የሠራትን ትንሿን አልጋ ፈታትቶ ጣውላዋን የዕቃ መደርደሪያ አደረጋት። ያንን ፊቱን ደግሜ ከማየው ዝም ብል ይሻለኛል ብዬ ነው።

ካርድ ለማውጣት ጤና ጣቢያ ሄጄ አዋላጇ ሥራሽ ምንድን ነው አለችኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኳት። ቤት ውስጥስ ምን ትሠሪያለሽ አለችኝ። መቼም አፌ አያርፍም፣ እየሳቅኩ እሁድ እሁድ ከባለቤቴ ጋር የጥይት አረር እናፈሳለን አልኳት። እሷ አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ከምን? አለች። ከእርሳስ ነዋ፣ አልኳት። ተነስታ በሩን ዘጋች። ስንት ዓመት እንደሠራሁ፣ ክፍሉ መስኮት እንዳለው፣ እዚያው እንበላ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። የነገረችኝን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም። ብቻ የእርሳስ ጭስ ደም ውስጥ ገብቶ ጽንስ ይጎዳል፣ ከዛሬ ጀምሮ እዚያ ክፍል እንዳትገቢ፣ የሥራ ልብሱንም እንዳታጥቢ አለችኝ። ለምርመራ ደም ወስዳለች፤ ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል።

እርስዎ የቤትዎን አሠራር ከእኔ በላይ ያውቁታል። አረሩ የሚቀረጽበት ፎርማ አራት ቀዳዳ ያለው ከባድ ብረት ነው፣ በአንድ እጅ አይቻልም። ስለዚህ ባል ከአባቱ በተቀበለው ጭልፋ ይቀዳል፣ ሚስት ፎርማውን በሁለት እጇ ትይዛለች። ልጅዎ ከሚሠራበት ጎሚስታ ያመጣውን የጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ያቀልጣል፣ እንዲጠራ የሻማ ቁራጭ ጣል ያደርግበታል፣ ጭሱ ይነሳል፣ ጥቁሩን አረፋ ገፎ ይቀዳል። እኔ ጭሱ ላይ ጎንበስ ብዬ እይዛለሁ። ሲረጋ እከፍተዋለሁ፤ አራቱ አረሮች እንደ አዲስ አዝራር እያብረቀረቁ ጨርቁ ላይ ይወድቃሉ። አባል በሆነበት የዒላማ ተኩስ ክበብ ያሉ ጓደኞቹ ከእሱ እጅ ያልወጣ አይተኩሱም። ሰባት ዓመት ያዝኩለት፣ እማዬ። ደስ እያለኝ ነው የያዝኩት።

አሁን ግን ዘዴ መፈለግ ነበረብኝ። እነሱ ጎሚስታ አጠገብ የሚሠራ ኤሌክትሪሻን አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ስለማይችል ሳይረን ይሉታል። እሱ ዘንድ ከሥሩ ቧንቧ ያለው የኤሌክትሪክ ማቅለጫ እንዳለ ሰምቼ ነበር። እጀታውን ጫን ሲሉት እርሳሱ ከታች ይወርዳል፤ ፎርማው መደገፊያ ላይ ስለሚቀመጥ አንድ ሰው ብቻውን ይሠራል። ሁለተኛ ሰው አያስፈልግም። እኔ የሰማሁት ይህቺን ብቻ ነው። ለምኜ ተዋስኩት። ለባለቤቴ ግን ወገቤን ያመኛል፣ አንተም ቶሎ ትገላገላለህ አልኩት።

እሱ መቼ በዋዛ ይቀበላል! የአባቱ ልጅ አይደል። ሃምሳ በጭልፋ፣ ሃምሳ በቧንቧ አፍስሰን እንመዝናለን፣ ያሸነፈው ቤታችን ይቀራል አለ። ባለፈው እሁድ በቧንቧው ጀመረ። እኔ ልብስ ላስጣ ብዬ ግቢ ቀረሁ። መጀመሪያ ያንጠባጥብበት ነበር፤ ይሄ ነገር ጉንፋን ይዞታል እያለ ሲራገም ይሰማኛል። በኋላ ተስተካከለለት። ሃምሳውም አንድ ዓይነት ሆኖ ወጣ። ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ከዚያ የጭልፋው ተራ ደረሰና ጠራኝ። እማዬ፣ ገባሁ። እምቢ የምልበት ምክንያት ጠፋኝ። ሻሼን አፍንጫዬ ላይ አስሬ፣ ትንፋሼን እየቆጠብኩ ገባሁ። እዚያም ቆሜ ክፉ ነገር ሠራሁ፤ ፎርማው እንዲቀዘቅዝ ሆን ብዬ እየዘገየሁ አቀርብለት ጀመር። ሲቀዘቅዝ አረሩ እንደሚጨማደድ ያውቃሉ። የወጣው ሁሉ ተጨማደደ። ያበላሸሁት እኔ መሆኔ ሲገባው ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ጭልፋውን አስቀምጦ እጁን ዘረጋና ተመለከተው። ጣቶቹ ይንቀጠቀጡ ነበር። እጄ ነው፣ ከጀመረኝ ቆይቷል፣ አላልኩሽም እንጂ፣ አለኝ። አረሩን ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ አልነገርኩትም። መንቀጥቀጡን ግን ጭሱ እንጂ እኔ አላመጣሁትም። አሁን የምፈራው ለጽንሱም ለእሱም ነው።

በቃ፣ ቧንቧው አሸነፈ ብዬ ነበር። እሱ ግን ማቅለጫውን ነቅሎ ጠቀለለና ለሳይረን እመልስለታለሁ አለኝ። ለምን? ስለው፣ በዚህ ስሠራ ብቻዬን ነኝ አለ። ሳምንቱን ሙሉ አንቺ ከስፌትሽ፣ እኔ ከጎማዬ፤ ጎን ለጎን የምንቆመው እሁድ ብቻ ነው፣ ቢጨማደድ ይጨማደድ፣ አለኝ። ወጥቼ የተሰጣው አንሶላ ኋላ ቆሜ አለቀስኩ።

ንገሪው ይሉኝ ይሆናል። የዚህኛውን እነግረው ነበር። ግን ስነግረው ወደ ኋላ መቁጠሩ አይቀርም። ያን ጊዜ፣ እነዚያን ሁለቱን ይዤ ስንት እሁድ ጭሱ ላይ እንደቆምኩለት ያሰላል። በገዛ ጭልፋው... አልጨርሰውም፣ እማዬ።

ከእርስዎ የምለምነው አንድ ደብዳቤ ነው። የአባትህ ጭልፋ አጠገቤ እንዲሆን አማረኝ፣ ላክልኝ ይበሉት። እርስዎን እምቢ አይልም። ጭልፋው ከሄደ ቧንቧው ይቀራል፣ እኔም ከክፍሉ እወጣለሁ። እሱንም ቀስ ብዬ ሐኪም ዘንድ አደርሰዋለሁ፣ እስከዚያው እሁዱን አብረን የምንውልበት ሌላ ነገር እፈልግለታለሁ። ብቻ ከመጪው እሁድ በፊት ይድረስልኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ካስቀየምኩዎ ይቅር ይበሉኝ። ከልጅዎ በፊት ስላጧቸው ስለ ሦስቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሱልኝ፤ ስም ሳይወጣላቸው፣ ብለው ወሬውን ቀየሩ። ልጅዎ ደግሞ አባባ ለመንገድ ሥራ ርቀው ሳሉ መወለዱን ሁልጊዜ እየሳቀ ያወራል፤ ሲመለሱ ጥርስ አብቅዬ ጠበቅኳቸው ይላል። በዚያ ዓመት የእርሳሱ ድስት አልተጣደም፣ አይደል?

በሠርጋችን ማግስት ፎርማውን ሲያስረክቡኝ እኔ ስስበው እርስዎ አልለቀቁትም ነበር። ቤቱ ሁሉ ሳቀብዎት። እኔም ስስት መስሎኝ አብሬ ሳቅኩ።

ጤናና ዕድሜ አብዝቶ ይስጥልኝ። ደጅዎ በደግ ወሬ ይንኳኳ። እጅዎን እስማለሁ፤ ሁለቱንም።

የልጅዎ ሚስት፣
ልጅዎ