የብረት ጣውንት

ሐምሌ 26፣ ጠዋት
ዛሬም ፊቱን ሳይታጠብ ወረቀቱ ላይ ተደፍቷል። ባሌን ነው የምልሽ፣ ደብተሬ፤ ይማምን። ከዛሬ ጀምሮ «ይ.» ነው የምለው። ስሙን ሙሉ መጻፍ አያሰኘኝም። ከአሰብ ባሕር ኃይል ፈቃድ ወጥቶ ቆቦ ገባ ሲሉኝ እልል ብዬ ነበር። ለካ ብቻውን አልመጣም። የጦር መርከቧን በወረቀት ጠቅልሎ ይዟት መጥቷል። ስትመታ እንዳትሰምጥ ሆዷን በብረት ግድግዳ እንደ አዲስ ይከፋፍላል። ሻዩ በረደ። ሌላ አፈላሁ፤ እሱም በረደ። የሌላዋ ሴት ጣውንት ቢያንስ ሰው ናት!

ሐምሌ 27
ት/ቤት ዝግ ነው። የማስተምረው ልጅ የለ፣ ቀኑን ሙሉ እሱን ሳይ መዋል። ምንድነው ይሄ ብዬ ጠየቅሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፊቱ በራ። አንዱ ክፍል ሲበሳ በሩ ጥርቅም ይላል፣ ውሃው እዚያው ይቀራል፣ የቀሩት ክፍሎች ያንሳፍፏታል አለኝ። የቱ ጋ ብትመታ የትኛው ብረት ሸክሙን እንደሚቀበል ሳይቀር ያውቃል። እኔ የቱ ጋ እንደሚያመኝስ? ጥርሴ ሌሊት ሲያስለቅሰኝ ሰነበተ። አልጠየቀኝም።

ነሐሴ 1፣ ከሰዓት
ገበያ ላይ የጭነት መኪና ሾፌሩ ሰይድ አስቆመኝ፤ ከአሰብ መምጣቱ ነው። ለይ. መልእክት አለው። መርከቧ ተመትታለች፣ ግን አልሰመጠችም፤ እሱ ቀድሞ ያሠራው ግድግዳ ይዟታል። ጥገናው እሱን ይፈልጋል፣ ፈቃዱ ተሰርዟል። እስከ ነሐሴ 8 ካልደረሰ እንደ ኮብላይ ይቆጠራል። እነግረዋለሁ አልኩት።
ቤት ገባሁ። አልነገርኩትም። ተመታች? እሰይ! አስተግፊሩላህ።

ነሐሴ 4
ዝም እንዳልኩ ነኝ። ኮብላይ የተባለን ሰው ምን እንደሚያደርጉት ማን ያጣዋል? ቁርስ ላይ ልነግረው አፌን ከፈትኩ። ቀድሞኝ ስለ እሷ ጀመረ። ቀረ።

ነሐሴ 5
ከተራራው ጎርፍ ወረደ። አባቴ ማሽላውን የሚያጠጣው በጎርፍ ነው፤ ማሳው በአፈር ክትር ተከፋፍሏል። የዛሬው ግን በዛ። ይ. ሱሪውን ሰብስቦ ገባ። አካፋ ነጠቀና አዘዘ፦ የታችኛውን መደብ ክፈቱለት፣ እዚያ ይግባ፣ ሌላው ይድናል። ዳነም። አባባ ደስታው ወሰን አጣ፣ ትከሻውን ሳመው።
የታችኛው መደብ የማን ነው? የኔ! በእጄ የተከልኩት በርበሬ። ጮህኩ። አንዱ ክፍል ካልሞላ ሁሉም ይሰምጣል አለኝ፣ እየሳቀ። እኔ ነኛ ያ ክፍል! ከተጋባን ጀምሮ በር ተዘግቶብኝ ውሃ ስጠጣ የኖርኩ! ይህን በሰው ፊት ተናገርኩት። አባባ መሬት መሬት አየ። ይ. ሳቁን ዋጠ።

ነሐሴ 6፣ ጠዋት
ስነቃ የለም። ሰይድ ራሱ ነግሮት ሄዶ ይሆን? ሮጬ ማሳው ጋ ደረስኩ። ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ ከጎርፉ የተረፈችውን በርበሬ አንድ በአንድ ያቃናል። ወረቀቱን ቤት ጥሎታል። ቀና ብሎ፣ ለጥርስሽ ዛሬ ጤና ጣቢያ እንሂድ አለኝ። ያውቅ ኖሯል! የባሰ ተናደድኩ። አለቀስኩም።
ከዚያ ነገርኩት። የሰይድን መልእክት፣ ቀኑን፣ መደበቄን፣ ሁሉንም። ፊቱ አመድ መሰለ። ብትጠዪኝ አይደንቀኝም አለ ብቻ። ምነው በቆጣኝ።

ቀትር
የኮምቦልቻው አውቶቡስ አሁን ይደርሳል። ይማም ልብሱን ይሸክፋል። ቀበሌ ሮጬ የይለፍ ወረቀት አስጻፍኩና ቀሚሶቼን የሱ ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። የአሰብ ሙቀት አይቻልም፣ የማድርባት ክፍልም ጠባብ ናት አለ። ትጥበብ! ት/ቤት እስኪከፈት እዚያው ነኝ። ያቺን ጉደኛ በዓይኔ በብረቱ ልያት። በሮቿን አንድ በአንድ አስከፍታለሁ። አባባ መጣ መጣ እያለ ይጣራል፤ አንቺንም፣ ደብተሬ፣ ጡቴ ስር ልክተትሽ፣ እሱ እንዳያይሽ—