ጫፉ ላይ የተውሽው መርፌ

ውድ ትርንጎ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የጤና ሰላምታ ይቀድማል። ይህን ከየኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» የሚለውን ላንቺ እንዴት እንደምጽፈው ግራ ገብቶኝ ብዕሩን ይዤ ብዙ ተቀመጥሁ። አባቶች ካለሽበት ብርድም ሳልም የለም ይላሉ፤ እንግዲያው የኔን ልንገርሽ። ጉልበቴ ዳገት ጠልቷል፣ ዓይኔም ደከም ብሏል፣ ሌላው ደህና ነው። ከተለየሽኝ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትሽን በወጉ አውጥተናል፤ ጠላውም እህሉም አላነሰም፣ ሐሜትም አልሰማሁም። ይህን ያስቀደምሁት መጀመሪያ የምትጠይቂኝ እሱን እንደሆነ ስለማውቅ ነው።

ቤታችን ተለውጧል። ባለፈው ግንቦት ሣሩን አንሥተን ቆርቆሮ አልብሰነዋል። አንቺ ቆርቆሮ ያበርዳል፣ ዝናብ ሲመጣም ያደነቁራል እያልሽ ስትሟገቺኝ ኖረሻል፤ እውነትሽን ነበር። ክረምቱን ሙሉ ሰው ባናገረኝ ቁጥር እጄን ከጆሮዬ ኋላ አድርጌ «እ?» ስል ከረምሁ። ከቤቱ በላይ ያለው ተዳፋት በቀበሌው ሥራ ዘመቻ እርከን ወጥቶለታል። ቦራ በሬያችን አርጅቷል፤ ሞፈር ሲያይ ፊቱን ያዞራል፣ እኔም አልፈርድበትም።

ድሪቶሽን ያገኘሁት ያኔ ሣሩን ለማንሣት ቆጡ ላይ ያለውን ስናወርድ ነው። በአሮጌ ነጠላሽ ጠቅልለሽ ከጥግ አድርገሽዋል። ስፈታው ግማሹ ተሰፍቷል፣ ግማሹ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እንደተነባበረ ነው። ስፌቱ ከቆመበት ጫፍ ላይ መርፌሽ ተሰክቶ፣ ክሩም ከዓይኑ ሳይወጣ አለ። ነገ እመለስበታለሁ ብለሽ የተውሽው እንደሆነ ያስታውቃል። አብረውኝ የነበሩት ጎረቤቶች ዓይኔን ያስለቀሰኝ የጣራው አቧራ ነው ብለው ውኃ አቀበሉኝ። እግዜር ይስጣቸው።

ሰው ድሪቶ ሲል የድህነት ልብስ ማለቱ ነው። እላዩ ላይ እራፊ እየተደረበ የሚሰፋ፣ ያጣ ሰው ከብርድ የሚሸሸግበት። ያንቺ ግን ለምን እንደዚያ ሆኖ እንደማያውቅ እንጃ። ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚሄድ ስንት ተሳላሚ ቤታችን አድሯል! ድሪቶሽን ለብሶ አድሮ ጠዋት «ይህን የሠራው ማን ነው?» ሳይል የወጣ አላስታውስም። አንቺ ደግሞ ምስጋናው ሲመጣ ድስት እንደገነፈለበት ሰው ወደ ጓዳ ትሮጫለሽ። እኔ ነበርሁ ቁጭ ብዬ ባንቺ ሙያ የምመሰገነው።

ሰኔ ላይ ዝናሽ ካገባችበት ከፍላቂት ወሬ መጣ፤ አርግዛለች። ልጃችን፣ ትናንት ደብተር ይዛ ስትሮጥ ያየናት። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፣ ወጉ ነው። አማቷ ግን ሰው ላከችብኝ። እናት በሌለችበት ቤት ማን ገንፎ ያገነፋላታል፣ ማን ገላዋን ያጥባታል፣ በዚያ ብርድ አራስ በምን ትሸፈናለች፣ እስከ ጋሸና፣ ከጋሸናም ወዲያ ያለውስ መንገድ ለነፍሰ ጡር ይሆናል ወይ፤ ይልቅ እኔ ዘንድ ትውለድ ብላ። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ያለችውም ሁሉ እውነት ነበር። እውነት በመሆኑ ነው የተናደድሁት። ልጄ እናቷ ስለሞተች ቤት የላትም የተባለ መሰለኝ። ቤቱ የእናቷ ነው፣ የእናቷም ቤት አልፈረሰም ብዬ መለስሁላት። እንግዲያው ለሙት ዓመቱ ስመጣ ቤቱን አየዋለሁ፣ ያኔ እንነጋገራለን አለች።

ለገንፎውና ለገላው እማሆይ ወለተ ሃና ነበሩልኝ። ጎረቤታችን፣ ያንቺ የስፌት ጓደኛ። ሄጄ ስለምናቸው ነገሬን ሳልጨርስ እሺ አሉ። ብርዱ ነው የኔ ዕዳ ሆኖ የቀረው። ከላሊበላ ገበያ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ማምጣት ይቻል ነበር። ግን የእናቷ ቤት ነው ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬ፣ ማንም ቤት የሚገኝ ብርድ ልብስ ባነጥፍ ምኑ የእናቷ ሆነ? ድሪቶሽን ልጨርሰው ቆረጥሁ። ሴት የላከው ጅብ አይፈራም ይላሉ። እኔ ጅቡን ሳይሆን መርፌሽን ፈራሁ፤ ልነካው አልደፈርሁም። እሱን እዚያው እንደተሰካ ትቼ በሌላ መርፌ ከወዲያኛው ጫፍ ጀመርሁ።

መጀመሪያ ክር ተቸገርሁ። አንቺ ከእርዳታ ስንዴ ጆንያ አፍ ላይ ክሩን ስትመዢ አይሻለሁ፤ አንዱን ጫፍ ትይዢና ሳብ ስታደርጊው ከዳር እስከ ዳር ተርትሮ ይመጣልሻል። እኔ ስስበው ይቋጠራል። ሌላ ጆንያ አመጣሁ፣ እሱም ተቋጠረ። ጥርሴንም ቢላዋም ሞከርሁ። ለካ ከሁለቱ ጫፍ የሚተረተረው አንዱ ብቻ ነው! ስንት ዓመት ስታደርጊው እያየሁ መምረጥሽን አላየሁም።

ቀኑም አልተመቸኝም። እርሻ የማልወጣበት ቀን በዓል ነው፣ በበዓል ደግሞ መርፌ አይነካም። ስለዚህ ዝናቡ ከማሳ ሲያባርረኝ፣ እግሬን እሳት ዳር ዘርግቼ፣ ቆርቆሮው እላዬ ላይ እየጮኸ መስፋት ሆነ። የሚያልፍ ሰው በበር ብቅ ይልና ያየኛል። ወጥቶ ጥቂት እንደራቀ ግን ሳቁ ይሰማኛል። ይሳቁ። እኔ በስፌት የማፍር ሰው አልነበርሁም። በዚህ አገር የኔን ስልቻ የሚያህል ማን ሰፍቷል? የፍየሉን ቆዳ በወስፌ ወግቼ በጠፍር ስጠብቀው አንዲት የገብስ ፍሬ እንደማታመልጥ አንቺም ትመሰክሪያለሽ። ታዲያ ጨርቅ ከቆዳ ይከብዳል? ብዬ፣ ክሩን ደርቤ፣ እግሬን ተክዬ እየሳብሁ፣ ስፌቱን በስፌት ላይ እየደገምሁ ሰፋሁት።

ሐምሌ ሲጋመስ ሦስት ክንድ ያህል ጨርሼ እማሆይን ጠራኋቸው። ዓይናቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ በጣታቸው ነው የሚያዩት። ያንቺን በኩል ዳሰሱት፣ ፈገግ አሉ። ወደኔው ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። አነሡት፤ ድሪቶው አልታጠፈም። መሬት ላይ ሲያስቀምጡት እንደ ጎተራ ክዳን ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምነዋ አያ መንገሻ» አሉኝ፣ «ልጂቱን ልትሸፍናት ነው ወይስ ገብስ ልትከትበት?»

ከዚያ የሳቁት ሳቅ! አንቺ ከሞትሽ ወዲህ በዚያ ቤት እንደዚያ አልተሳቀም። እኔም ተኮሳትሬ ልቀመጥ ሞከርሁና አቃተኝ። ሳቁ ሲበርድላቸው ግን ሁሉንም ፍታው አሉኝ። ድሮ እሳቸውም አጥብቀው ይሰፉ ኖሯል፣ ያስተማርሻቸውም አንቺ ነሽ። «ላላ ያድርጉት እማሆይ፣ ትንፋሽ ይግባበት፣ ሰው ነው የሚለብሰው» ትያቸው እንደነበር ያን ቀን ነገሩኝ። ጠብቆ የተሰፋ ድሪቶ ይከብዳል እንጂ አያሞቅም። እኔ ደግሞ በሕይወቴ ሙሉ የሰፋሁት ለእህል ነው።

መፍታቱ ከመስፋቱ ባሰ። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል የተባለው እውነት ነው፤ የችኮላዬን ያህል ሁለት ቦታ ቀደድሁት። ግን ትርንጎዬ፣ ስፈታው ነው ያየሁሽ። የላይኛው እራፊ ሲነሣ ውስጡ ታየኝ። በእግር በኩል ያለው ያ የወፍራም ካፖርቴ ጨርቅ ነው፤ ውሻው ተኝቶበት ያለቀ የመሰለኝ። በትከሻ በኩል የቡልኮ ቁራጭ ደርበሻል። አፍ የሚነካው ጠርዝ ከታጠበ ብዛት የሳሳ ነጠላሽ ነው፣ አንዲት እንኳ ቋጠሮ የለበትም፤ ቋጠሮውን ሁሉ ወደ ውጭ አድርገሽዋል። የዝናሽ የትምህርት ቤት ሰማያዊ ሹራብ መሀል ደረት ላይ ነው። በላዩ የሚታየው የቀለሙ ማማር ብቻ ነበር፤ ቀዩን ከቢጫው፣ አረንጓዴውን ከነጩ። እንዲህ ሰውን ከራስ እስከ እግሩ እያሰብሽ ትሰፊ እንደነበር ግን የለበሰው ሁሉ ሞቆት አደረ እንጂ አላወቀም። እኔም ሞቆኝ ከኖሩት አንዱ ነኝ። በዚያ ቀን የኮራሁብሽን ያህል በሠርጋችንም አልኮራሁብሽም።

እንደገና ጀመርሁ። እማሆይ አጠገቤ ተቀምጠው ዳዊታቸውን በቃላቸው እየደገሙ፣ መሀል ላይ ስፌቴን በጣታቸው እየዳሰሱ «ጠበቀ» ይሉኛል፤ ወዲያው ወደ መዝሙራቸው ይመለሳሉ። እፈታለሁ። «አሁን ደግሞ ዋለለ» ይሉኛል። እፈታለሁ። ጣቴ ተበሳስቶ ማጭድ መያዝ አቃተኝ። መስከረም ሲጠባ አንድ ቀን ዳሰሱ፣ ዝም አሉ፣ መዝሙራቸውን ቀጠሉ። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥቅምት ላይ አማቷ መጣች። ተዝካርሽ ተበልቶ ሰው ሲሳሳ ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች፤ እኔም ከበሩ ቆምሁ። አልጋው ላይ ድሪቶው ተነጥፏል፣ ከጥጉ አንድ ጋት ያህል ሳይሰፋ ቀርቶ ያንቺ መርፌ እንደተሰካ። እዚያ ስደርስ ነው እጄ እንቢ ያለኝ። ሴትዮዋ እጇን ከሥሩ አስገብታ ብዙ ቆየች። ማን እንደሠራው ጠየቀች፤ እማሆይ ከኋላዬ ሆነው «ትርንጎና ባሏ» አሉ። ጫፉ ለምን ቀረ ስትለኝ፣ ሳላስበው፣ እሱን ዝናሽ ትጨርሰዋለች አልሁ። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ለገና ትምጣ አለችኝ፣ እኔው ራሴ ጋሸና ድረስ አደርሳታለሁ። እንዳለችውም አደረሰቻት።

ዝናሽ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ወለደች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አጥብቃ ስለመከረች ላሊበላ ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ ከዚያ በቃሬዛ ሳይሆን በመኪና፣ እልል እየተባለ ወደ ቤትሽ ገባች። ሴት ልጅ ናት። ግንባሯ ያንቺ ነው፤ ስትቆጣ ደግሞ ይበልጥ ያንቺ ነው። ከአማቶቿ ወገን ሐዘን የገባበት ቤት ነውና ማስረሻ እንበላት የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። መርሳት ማን አማረው? አልሁ። እናቷ ትዝታ ብላታለች። ክርስትናዋ ከፋሲካ በኋላ ነው።

አሁን የጻፍሁልሽ ለዚህ ነው። ባለፈው ሳምንት ዝናሽ ልጇን አስተኝታ ድሪቶውን በጣቷ ስትከተል አየኋት። አንድ ቦታ ላይ ጥፍሯን ተከለች። እስከዚህ እማዬ ናት፣ ከዚህ ወዲህ አንተ ነህ አለችኝ። እንዴት እንዳወቀች እንጃ፤ እማሆይ እንኳ አልለየሁትም ብለውኝ ነበር። ቅር ብሎኝ እንደሆነ ፊቴን አየች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ከሳቋ ላይ እንባዋ መጣ። ትምህርት ትምህርት ሲባል ከእናቴ እጅ ምንም ሳልወስድ ቀረሁ አለችኝ። ያቺ ያልተሰፋች ጋት ጋ ደርሳ መርፌሽን አየችው። በቆየ ብዛት ጨርቁ ላይ ቡናማ የዝገት ነጥብ አሳርፏል፤ እኔ አላጠብሁትም። «አባዬ፣ አስተምረኝ» አለችኝ።

እኔን! አጠገቧ ተቀመጥሁ። መርፌሽን መዛ አወጣችው፤ ክርሽ አልተበጠሰም። መጀመሪያ ወጋች፣ ሳበች፣ ልክ እንደኔ ጥርሷን ነክሳ አጠበቀችው። የአባቷ ልጅ አይደለች? እጄን እጇ ላይ አሳረፍሁና «ላላ አርጊው ልጄ፣ ትንፋሽ ይግባበት» አልኋት፣ «ሰው ነው የሚለብሰው»።

ካልሁት በኋላ ነው የራሴን ቃል የሰማሁት። ድምፁ የኔ ነው፤ ሌላው ሁሉ ያንቺ ነበር። ዝናሽም ቀና ብላ አየችኝ። ክሩን ፈታ አድርጋ ቀጠለች።

ክርሽ እስከ ጥጉ ድረስ በቃ። የተረፈውን ቁራሽ በመርፌው ላይ ጠምጥሜ ምሰሶው ላይ ሰክቼዋለሁ፣ የምታድገው ልጅ የማትደርስበት ቦታ። እጇ ሲጠና አወርድላታለሁ፤ እኔ ካልደረስሁ እናቷ ታወርድላታለች። የማን እንደነበረ ሳንነግራት መርፌውን አንሰጣትም፤ ይህን ቃል ገብቼልሻለሁ። ድሪቶውም አንድ ቀን ያልቃል፣ ልብስ ነውና። ሲያልቅ ከኔ ጋቢ እራፊ ቀድጄ እጥፍበታለሁ። ላላ አድርጌ።

ባልሽ፣
መንገሻ